የቀጮ አገጭ

ሰው ስለ እግሩ ይዋሻል። ጫማ ሻጭ ስለሆንኩ አውቃለሁ። አርባ ቁጥር እግር ይዛ ገብታ «ሠላሳ ስምንት ስጪኝ» የምትል ሴት በየቀኑ አያለሁ። ጫማው አልገባ ሲል ጥፋቱ የጫማው ነው፤ «ይሄ ፋብሪካ ድሮም ያጠበዋል» ትለኛለች። እኔም ነጋዴ ነኝና «እውነትሽን ነው እህቴ» ብዬ አርባውን በሠላሳ ስምንቱ ሳጥን አድርጌ አመጣላታለሁ። ደስ ብሏት ትሄዳለች። እንዲህ ዓይነቱ ውሸት ማንንም አይጎዳም። ጣጣው ውሸቱ ከእግር ወደ ላይ ሲወጣ ነው።

ታናሽ እህቴን ቤተሰቡ በሙሉ ቀጮ ይላታል። ልጅ ሳለች ነፋስ ይወስዳታል እየተባለ በር ይዘጋባት ነበር፤ ስሙ ያኔ ወጣላት። ካደገች በኋላ ሉፐስ የሚባል በሽታ ያዛት። ሐኪሟ እንዳስረዱን፣ የሰው ሰውነት ከውጭ ከሚመጣ በሽታ የሚጠብቀው ዘበኛ አለው፤ የእህቴ ዘበኛ ግን አብዶ ባለቤቱን ይደበድባል። መጀመሪያ የጣቶቿን መገጣጠሚያ ያዘ፣ ቀጥሎ ወደ ኩላሊቷ ዞረ። ዘበኛውን የሚያስተኛ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ታዘዘላት። ክኒኑ ኩላሊቷን አተረፈ፣ ፊቷን ግን አሳበጠው። ጉንጯ ተነፋ፣ አገጯ ሥር ሌላ አገጭ በቀለ። ስሟ ግን እዚያው ቀረ። መንገድ ላይ የሚያገኛት ሁሉ «ቀጮ! ወፈርሽ እኮ፣ ተስማማሽ!» ይላታል። እሷም ትስቃለች፤ ቤት ገብታ መስታወቱን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች።

በሽታው እንዳለባት ከቤተሰብ ውጭ የሚያውቅ አልነበረም። እማዬ አዋጅ አውጥታለች። ጎረቤት ሲጠይቅ «ብርድ መትቷት ነው» ይባላል። ክረምት ይሁን በጋ፣ የእኛን ቤት ብርድ ይመታዋል። ይህችው እማዬ የሰው ልጅ ሲታመም ቀድማ ሄዳ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብላ የምትመክር ሴት ናት። ተረቱ ለጎረቤት ነው።

ቀጮ የምትሠራው የጤና ኢንሹራንስ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅቱ ትልቅ ቢልቦርድ ሊሰቅል አሰበና ፎቶው ላይ የሚቆም ሰው ከሠራተኞቹ መሃል ይፈለግ ተባለ። የማስታወቂያ ኃላፊው በየቢሮው ዞሮ ዞሮ እህቴ ጠረጴዛ ፊት ቆመ፤ ያንን የተነፋ ጉንጭ አየና «ጤና ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ አጨበጨበ። የክኒን ጉንጭ የጤና ምልክት ሆኖ ተመረጠ። ቀጮ የዚያን ማታ ስትነግረኝ ከልቤ ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች። ደስ ብሏት ነበር። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ደስ ሲላት አላየሁም።

ችግሩ የመጣው በሙከራው ፎቶ ዕለት ነው። ፎቶ አንሺው «አገጭሽን ትንሽ ወደ ላይ… ትንሽ… አሁንም ትንሽ» እያለ ጣሪያ እስክታይ ድረስ ቀና አስደረጋትና በመጨረሻ ካሜራውን አውርዶ «ችግር የለም» አላት። ሰው «ችግር የለም» ሲል ችግር እንዳለ ማን ያጣዋል? ቀጮ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንገቷን በሻርፕ ጠቀለለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሱቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እታለም፣ አብረሽኝ ትመጫለሽ? ትንሽ መርፌ ነው። አገጭ ሥር ይወጉሽና ስቡ ይቀልጣል።»

«ሐኪምሽን ጠየቅሻቸው?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ጠይቄያለሁ!»

ለዚህች ታህል ነገር ዓይኗን ካስያዘች እውነቷን ነው ብዬ ሱቁን ዘግቼ ተከተልኳት።

የውበት ቤቱ ከአንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ በላይ ያለ ፎቅ ላይ ነው። መጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል። «በፊት» ያለችው ሴት አኩርፋለች፣ «በኋላ» ያለችው ተኳኩላ ስቃለች፤ እንደ እኔ እንደ እኔ የቀለጠው ስቧ ሳይሆን ኩርፊያዋ ነው። ጥግ ላይ ትንሽ ማቀዝቀዣ አለች። ውስጧ የመርፌው ጠርሙሶች፣ የተጀመረ ለስላሳና የአንድ ሰው ምሳ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ጥፍሯ ከጣቷ የሚረዝም ልጅ ከኮምፒውተር ጀርባ ብድግ ብላ ተቀበለችን።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! እንዴት ናችሁ? ጤናስ?»

«ደህና፣ ይመስገን» አለች ቀጮ። እኔም አልኩ። ልጅቷ በጥፍሯ ጫፍ ኮምፒውተሩን ጠቅ አድርጋ ወደ ውስጥ አስገባችን።

ውስጥ ያለውን ሰውዬ ደንበኞቹ «ዶክተሬ» ይሉታል። ነጭ ጋውን ለብሷል፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል። ወደዚህ ሥራ ከመግባቱ በፊት ወገብ ላይ ታስሮ ቦርጭ የሚያንቀጠቅጥ ቀበቶ ይሸጥ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እኔ ፊት ግን አንዴም ዶክተር ነኝ አላለም፤ ሰው ሲጠራው «አቤት» ይላል እንጂ።

«እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ? ደህና ነሽ?» አላት።

«በጣም ደህና፣ ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«ይመስገን!» አለና ጓንቱን አጠለቀ።

ቀጮ አልጋው ላይ ጋደም ብላ አገጯን ሰጠች። ሰውዬው በነጭ እስክሪብቶ ነጠብጣብ አደረገባት፣ መርፌውን ሞላ፣ ጠጋ አለ። ያኔ ነው የነቃሁት።

«ይቅርታ፣ ምንም አይጠይቋትም እንዴ?»

«ምን ልጠይቃት?»

«በሽታ አለብሽ ወይ፣ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ…»

ቅር አለው። «ተጠይቃለች እኮ እህቴ። በር ላይ ልጅቷ ጠየቀቻት፣ አሁን ደግሞ እኔ ጠየቅኋት። አንቺም ቆመሽ ሰምተሻል። ሁለቴም ደህና ነኝ ብላለች። ኮምፒውተሩም ላይ ደህና ተብላ ገብታለች።»

ለካ ያ ነበር ምርመራው! አባታችን የመጨረሻ ሳምንቱን ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ሊጠይቀው ለመጣ ሰው ሁሉ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን፤ ልጆች ደህና ናቸው?» እያለ ነው የሞተው። በቃሬዛ የተሸከሙት ሰው እንኳ ጤናው ሲጠየቅ ይመስገን ይላል። ሌላ መልስ መስጠት ነውር ነው፤ ጠያቂውም ሌላ መልስ ቢሰማ የሚገባበት ይጠፋዋል። እና እዚህ ቤት ይህን ሰላምታ አምነው መርፌ ይወጋሉ።

«ሉፐስ አለባት» አልኩ።

ቀጮ ከአልጋው ላይ ቀና ብላ በዓይኗ በላችኝ። የእማዬን አዋጅ በአንድ ቃል አፍርሼዋለሁ።

«ምን አለባት?» አለ ሰውዬው።

«ሉፐስ። ሰውነቷ ራሱን የሚወጋበት በሽታ።»

«እ… እሱ» አለ፣ ሰምቶት የማያውቅ ሰው ፊት እያሳየ። «ችግር የለውም። ይሄ ተፈጥሯዊ ነው። ከአኩሪ አተር የወጣ ነገር አለበት፣ ሐሞት ውስጥ ያለው ዓይነት አሲድ አለበት። ሐሞት የሌለው ሰው አለ? ሰውነቷ ያውቀዋል።»

«የእሷ ሰውነት የገዛ ኩላሊቱን አላወቀም፣ የእርስዎን ሐሞት ያውቃል?»

«እታለም፣ በናትሽ!» አለች ቀጮ።

ደሜ ፈልቶ ስለነበር አልተመለስኩም። «ለመሆኑ ስቡን እንዴት ነው የሚያጠፋው?»

«የስቡን ሕዋስ ያፈነዳዋል። ትንሽ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ከዚያ የሰውነት መከላከያው ይመጣና የፈረሰውን ጠራርጎ ይወስደዋል።»

«መከላከያው ይመጣል?»

«እንዴታ!»

«እኛ እኮ እሱን ነው በክኒን ያስተኛነው! ሊቀሰቅሱት ነው?»

ሰውዬው መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠና ታጋሽ ፈገግታ አሳየኝ። «እህቴ፣ እስከ ዛሬ እዚህ ቤት ሉፐስ አለብኝ ብላ የመጣች አንድ ደንበኛ የለችም። ሁሉም ደህና ናቸው። ደህና መጥተው ደህና ነው የሚሄዱት።»

እጇን ይዤ ጎትቼ አወጣኋት። አገጯ ላይ ነጠብጣቡ እንዳለ ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት ነጠብጣቡን እያዩ ሲያማትቡ ነበር።

በማግስቱ ወደ ሐኪሟ ወሰድኳት። ዓይኗን ያስያዘችበት መሐላ ውሸት እንደነበር እዚያ ታወቀ፤ ሐኪሟ ስለ መርፌው የሰሙት ነገር አልነበረም። ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ከበራቸው ውጭ ሁልጊዜ እስከ ደረጃው የሚደርስ ሰልፍ አለ።

«ይጎዳታል ወይ?» አልኳቸው።

«አላውቅም» አሉ።

ቀጮ ፊቷ በራ። «አየሽ! እሳቸውም አያውቁም!»

«ልጄ» አሉ ሐኪሟ፣ «አላውቅም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲሞከር እንዳንቺ ያለ ሕመም ያለበትን ሰው ከሙከራው ያስወጡታል። ስለዚህ ማስረጃ የለንም። ሕመምሽን ይቀሰቅሰው ይሆናል፣ ላይቀሰቅሰውም ይችላል። ክኒኑ መከላከያሽን ስላደከመው የተወጋሽበት ቦታ ሊያመረቅዝም ይችላል። በኩላሊትሽ ግን አልወራረድም። የሰውዬው ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።» ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ሌላ የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?»

«ኧረ የለም፤ ደህና ነኝ፣ ይመስገን» አለች፤ ለቀጣዩ በሽተኛ ቦታ ለቃ ተነሳች።

እኔ ያን ሰሞን መሬት አልበቃኝም። ጫማ ልትለካ የገባችውን ሁሉ አስቀምጬ «መርፌው ቆዳዋ ላይ ሊያርፍ ይህችን ታህል ሲቀረው!» እያልኩ በጣቴ እያሳየሁ አወራሁ። እማዬ ምስጢሩን በማውጣቴ ተቆጥታ ከቆየች በኋላ እሷም ወሬውን ወደደችውና ለጎረቤት ትተርከው ጀመር፤ ሉፐስ የሚለውን አውጥታ በምትኩ «ብርድ ላለበት ሰው መርፌ አይሆንም» ትላለች።

የቢልቦርዱ ነገር ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ ወራት ፈጀ። በእነዚያ ወራት ቀጮ እያማረባት ሄደች። መጀመሪያ ጉንጯ ጎደለ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው አገጭ ቀስ እያለ ጠፋ፣ የድሮዋ ቀጮ ከውስጥ ወጣች። ሻርፑን ጣለች። ሰው ሁሉ «አማረብሽ!» ይላታል፤ እኔ ከሁሉም በላይ እላለሁ። «አየሽ፣ ያለ መርፌ! ስኳር ተውሽ፣ በእግርሽ ሄድሽ፣ ይኸው!» ስላት «አዎ፣ በእግሬ እየሄድኩ ነው» ትለኛለች። አንዳንዴ ማታ ሱቅ ስትመጣ ወንበር ላይ ዘፍ ትልና ለመነሳት ይከብዳታል። ብዙ ተራምዳ ነው እላለሁ። ቀጠሮዋ እንደደረሰ ስጠይቃት «ሄጄ መጣሁ» አለችኝ፤ እሰየው አልኩ። ፊቷን ሳይ ሌላውን ሁሉ እረሳዋለሁ። ውበት እንዲህ ነው፤ ጫማ ሻጭን እንኳ ያሞኛል።

የዋናው ፎቶ ቀን ተቆረጠ። በዋዜማው ቀጮ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ልትመርጥ መጣች። የእህቴን እግር በጨለማ አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ ሰባት ነው፣ ጠባብ፣ ረጅም አውራ ጣት። ጥሩውን አወጣሁና ተንበርክኬ ላጠልቅላት ስል ጫማው አልገባም አለ። ሠላሳ ስምንት አመጣሁ። እሱም አልገባም።

«ይሄ ፋብሪካ…» አለች እየሳቀች።

አልሳቅኩም። ካልሲዋን አወረድኩ። የካልሲው ጫፍ ያረፈበት ቦታ ዙሪያውን ሰርጉዷል። አውራ ጣቴን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጫንኩና አነሳሁ፤ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። መጀመሪያ ስትታመምም እንዲህ ነበር የጀመራት። ከላይ ፊቷ ቀጭን፣ ከታች እግሯ የሰው እግር አይመስልም፤ እኔ ደግሞ ወራቱን ሙሉ ወደ ላይ ሳይ ከርሜያለሁ።

«ቀጮ፣ ክኒኑን እየዋጥሽ ነው?»

ያወለቀችውን ጫማ በእግሯ ፈለገች።

«ክኒኑን ነው የምልሽ!»

«ትቼዋለሁ» አለች፣ ካልሲዋን ወደ ላይ እየሳበች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያ ቀን ጀምሮ። አትጩሂብኝ እታለም። መርፌውን ከለከልሽኝ። እሺ፣ መርፌውም ይቅር። ያሳበጠኝ ግን ክኒኑ ነው፤ ሌላ ምን ልተው? እናንተ ስታዩኝ በሽታዬን ነው የምታዩት። ሌላው ሰው ሲያየኝ ወፍራም ሴት ያያል። እኔን የሚያየኝ የለም። ፎቶው ላይ እኔ እንድሆን ነበር የፈለግኩት።»

 ከድጡ ወደ ማጡ ያስገባኋት እኔው ሳልሆን አልቀርም፤ ግን ያን ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም። በነጠላ ጫማ ታክሲ ውስጥ አስገብቼ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ሐኪሟ የደምና የሽንቱን ውጤት አገላብጠው አዩ። ኩላሊቷ ተመልሶ ተጎድቷል። ምን ያህሉን እንደሚያተርፉት ገና እንደማያውቁ ነገሩን። ክኒኑ ይመለሳል፤ እንደበፊቱ ሳይሆን ከበፊቱ እጅግ በልጦ፣ መጀመሪያ በደም ሥር፣ ቀጥሎ በአፍ።

ቀጮ ስለ ኩላሊቷ ሳትጠይቅ «ፊቴስ?» አለች።

«ያብጣል» አሉ። ከዚያ በቀስታ «አገጩ አስጨንቆሽ ከነበረ ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?»

«ሰው ኩላሊቱን እያሳከመ ስለ አገጩ ያወራል?»

«ያወራል እንጂ። በዚያ በቀረሽበት ቀጠሮ ክኒኑን መቀነስ ልንጀምር ነበር። እየቀነስን ስንሄድ ፊትሽም ቀስ በቀስ ይመለስ ነበር። ያለ መርፌም፣ ያለ ምንም።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ነከስኩት። ቀጮ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ እኔም ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

እሷ ባትገኝም ፎቶው አልቀረም። ፎቶ አንሺው የሙከራውን ፎቶ አወጣና አገጩን በኮምፒውተር አጠፋው። ቀላል ሥራ ነው አሉ፤ የሁሉንም ሰው አገጭ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ የድርጅቱን ሥራ አስኪያጅ ጨምሮ። «ችግር የለም» ያላት ለካ እውነቱን ኖሯል። ቢልቦርዱ ዋናው አደባባይ ላይ ተሰቀለ፤ እህቴ በላዩ ላይ ጣሪያ ታህል ሆና ትስቃለች፣ ከሥሯ «ጤናዎ የእኛም ጉዳይ ነው» ይላል። በዚያው ሳምንት ይኸው ድርጅት የሆስፒታሏን ወጪ እንደማይሸፍን በአክብሮት ገለጸ። ምክንያቱ፣ ሕመሙን ስትቀጠር አላሳወቀችም የሚል ነው።

አሁን ቤት ገብታለች። ኩላሊቷ ግማሽ በግማሽ ይሠራል ይላሉ፤ የቀረውን ጊዜ ያሳየናል። ሊጠይቃት የመጣው ሁሉ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ «ኧረ ደህና ነሽ! ምንም አልሆንሽም! እንዲያውም አምሮብሻል!» ይላታል፤ እማዬም ከኋላ ሆና «ብርዱ ለቋት እኮ ነው» ትላለች። ቀጮ ታመሰግናለች። ሰዎቹ ሲወጡ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ክኒኑን በውሃ ይዤ እገባለሁ። ባለፈው ሰኞ ክኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ ስታየው፣ ስታየው ቆየች። አፏ አልከፈት አለ። 

«እታለም» አለች። «አስቀያሚ ሆንኩ አይደል?»

ሙሉ ቤት ሲዋሻት ከርሟል። እኔም ሳጥን እየቀያየርኩ ነው የኖርኩት።

«አብጠሻል» አልኳት። «ፊትሽ ዱባ አክሏል። አገጭሽ ሁለት ነበር፣ አሁን ሦስት ሆኗል። ዋጪው።»

ትጮህብኛለች፣ ወይ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። እጇን አንስታ አገጯ ሥር ዳበሰች።

«ሦስት?»

«ሦስት።»

ክኒኑን አፏ ውስጥ ጣለች፣ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብላ እስከ ታች ጠጣች።

«ነገም እንዲህ ብለሽ ንገሪኝ» አለችኝ።